ሰንጢ፣ ማንኪያ እና የጠቢብ ስም



የዛሬው ጽሑፍ ጥያቄ አጭር ነው። ብረት መቀጥቀጥና እንጨት መጥረብ በአንድ አገር የሰውን ዘር የሚያሰድብ ሥራ ሆኖ ሲኖር፣ በሌላ አገር የተማረና የተመቸው ሰው በዕረፍት ቀኑ፣ ከገዛ ኪሱ ገንዘብ እያወጣ የሚሠራው ለምንድን ነው? (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጥያቄውን ያነሣብኝ የምንኖርበት አካባቢ ነው። በሳን ሆዜ፣ በቤሪየሳ መንገድ ላይ፣ ከ1960 ጀምሮ ሲያገለግል የኖረ ሰፊ የአሮጌ ዕቃ ገበያ አለ። ከኦክላንድ ማዶ በአላሚዳም በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ የጥንታዊ ዕቃ ገበያ ይዘረጋል። በእንዲህ ያሉ ገበያዎች የዛገ፣ እጀታው የተሰነጠቀ፣ ስለቱ የዶለዶመ ሰንጢ ገዢ አያጣም። ገዢው ወደ ቤቱ ወስዶ ዝገቱን በዘይት ያለዝባል፤ አልለቅ ያለውን በኮምጣጤ ይነክራል፤ ማጠፊያውን አጽድቶ ምላሱ እንዳይንቀጠቀጥ ያስተካክላል፤ በመጨረሻም ከሻካራው ድንጋይ ወደ ለስላሳው እያለፈ ስለቱን ያወጣል። ልምድ ያለው ሰው ብረቱን እንደ መስታወት አያብለጨልጭም። ቀዩ ዝገት ብረትን ይበላል፤ ዘመን ያለበሰው ግራጫ ቀለም ግን ይሸፍነዋል፤ ስለዚህ ቀዩን አንሥቶ ግራጫውን ይተወዋል። እንዲህ የሚዝገው አሮጌው ብረት ነው፤ ሃሪ ብሬርሊ በሸፊልድ ከተማ በ1913 የማይዝገውን ብረት ከሠራ በኋላ የቢላዋ ዓለም ቀስ በቀስ ተለወጠ።

ያው ሰው ወይም ጎረቤቱ ደግሞ ማንኪያ ይጠርባል። ከተገረዘ የቼሪ ወይም የአፕሪኮት ዛፍ እርጥብ ጉማጅ ይወስዳል፤ በመጥረቢያ ቅርጹን ያወጣል፤ በቀጥተኛ ቢላዋ ያስተካክላል፤ አፉ በተቆለመመ ቢላዋ ሆዱን ይቦረቡራል። እንጨቱ በድንገት ደርቆ እንዳይሰነጠቅ በጥላ ሥር ቀናት ያሳልፋል፤ ከዚያ በተልባ ዘይት ይቀባል። ማንኪያው የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ስሌቱ የማይገጥም ሥራ

እንበልና አንድ መሐንዲስ በሰዓት 60 ዶላር ያገኛል። በ10 ዶላር የገዛውን ሰንጢ ለማደስ 5 ሰዓት ቢያጠፋ፣ ሰንጢው 310 ዶላር አወጣበት ማለት ነው። ይህን ያህል የሚቆርጥ አዲስ ሰንጢ በ20 ዶላር ይገኛል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጌሪ ቤከር በ1965 ስለ ጊዜ አመዳደብ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ቤተሰብ ዕቃ ሸማች ብቻ ሳይሆን ከዕቃና ከጊዜ አንድ ነገር የሚያመርት ትንሽ ፋብሪካ መሆኑን አስረድቷል። ደመወዝ ሲያድግ ጊዜ የሚፈጅ ነገር ሁሉ ይወደዳል፤ ሰውም ይሸሸዋል። በዚህ ስሌት ከሄድን ማንኪያ ጠራቢ ከየትኛውም አገር ቀድሞ መጥፋት የነበረበት ደመወዝ በናረበት በሲሊከን ሸለቆ ነው። አልጠፋም። እንግዲህ ሰውየው 5ቱን ሰዓት እንደ ወጪ አይቈጥረውም ማለት ነው፤ የገዛው ነገር ራሱ ሰዓቱ ነው።

ይህን ቀድሞ ያየ ሰው በዚሁ አካባቢ ኖሯል። ቶርስታይን ቬብለን ከ1906 እስከ 1909 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። ሁለት መጽሐፎቹን አጠገብ ለአጠገብ ያነበበ ሰው ጥያቄያችንን በሁለት ወገን ያገኘዋል። በ1899 ስለ ሥራ ፈት መደብ በጻፈው መጽሐፍ፣ ኃይለኛና ጦረኛ መደብ ባለበት ማኅበረሰብ የእጅ ሥራ የዝቅተኛነት ምልክት እንደሚሆን፣ ከሥራ መራቅ ደግሞ የክብር ማስረጃ እንደሚሆን አሳየ። በ1914 ባሳተመው ሌላ መጽሐፍ ግን ሰው በተፈጥሮው በደንብ የተሠራ ነገርን እንደሚወድ፣ ከንቱ ልፋትንም እንደሚጠላ ጻፈ። ሠሪነት በውስጣችን አለ፤ ንቀቱ የሚመጣው ከውጭ፣ ከሥልጣንና ከሀብት አደላደል ነው ማለት ነው። የእኛ አገር ታሪክ ለዚህ አባባል ከባድ ፈተና ነው፤ ፈተናውን የሚያልፍ ይመስለኛል።

ከጠቢብ ወደ ጠይብ

በአማርኛ «ጥበብ» የአእምሮን ማስተዋልም የእጅን ሙያም ይሸከማል። «ጠይብ» የሚለው ስምም ከ«ጠቢብ» ጋር አንድ ሥር እንዳለው ይነገራል። ይሁን እንጂ ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ስድብ ሆነ። ቀጥቃጩ ጠይብና ቡዳ ተባለ፤ ሸማኔው ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ አልፊው ፋቂ ተባሉ፤ ሸክላ ሠሪዋ ሌሊት ጅብ ትሆናለች ተብላ ተፈራች። ጥበብን የሚያመለክት ቃል ወደ ንቀት ስም መለወጡ በራሱ የታሪክ ማስረጃ ነው። ቃሉን ማን ለወጠው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

መልሱን ከመሬት መፈለግ ያስፈልጋል። በሰሜኑ ደጋ የክብር መሠረት ርስት ነበር። ርስት ከአባት ወይም ከእናት ዘር የሚወረስ የመሬት መብት ነው፤ ርስት ያለው ሰው ሌላ ሁሉ ቢያጣ ስም አያጣም። ርስት የሌለው ደግሞ ከእጁ በቀር የሚበላበት የለውም። የቤተ እስራኤል ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ አዘዙ ተብሎ ይተረካል። ታሪክ ጸሐፊው ጄምስ ኪውሪን እንዳስረዳው፣ ይህ ማኅበረሰብ በየዘመኑ መሬቱን እያጣ ሲሄድ ወደ ቀጥቃጭነት፣ ወደ ሸክላ ሥራና ወደ ግንበኝነት አዘነበለ፤ ሙያውም ማንነቱን የሚለይ ምልክት ሆነ። በሸዋም በ1840ዎቹ ወደ አንኮበር የመጡ አውሮፓውያን መንገደኞች ጠቢባን የሚባሉ፣ ለየት ብለው የሚኖሩ የእጅ ባለሙያዎች እንደነበሩ ጽፈዋል።

እዚህ ላይ ለምጣኔ ሀብት ባለሙያ አንድ እንቆቅልሽ አለ። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፤ ያለ ማጭድ አያጭድም፤ ያለ መጥረቢያ ቤት አይሠራም። ሦስቱም የሚወጡት ከቀጥቃጩ ወናፍ አጠገብ ነው። ይህን ያህል የሚፈለግ፣ ቁጥሩም ትንሽ የሆነ ሰው በገበያ ወግ ዋጋውን ማስወደድ፣ ባካበተውም ሀብት ወደ ባለመሬቱ ቤት መጋባት ነበረበት። እንደ እኔ ንባብ ይህን በር የዘጋው ንቀቱ ነው። ቡዳ የሚለው ክስ ቀጥቃጩን ከገበያ አያስወጣውም፤ ማረሻው ያስፈልጋልና። ከማዕድና ከጋብቻ ግን ያስወጣዋል። ገንዘቡን ወደ ርስት፣ ርስቱን ወደ ዝምድና እንዳይለውጠው ያግደዋል። ንቀቱ በዚህ ዓይን ሲታይ ከባዶ አጉል እምነት ያለፈ ነገር ነው፤ በልጅ ልጅ ላይ ሳይቀር የሚጣል፣ ምንም ገንዘብ ቢከፈል የማያልቅ ግብር ነው። ሌላው ልጁን ወደ ወናፉ እንዳይልክም ያስፈራዋል፤ ስለዚህ ሙያው በጥቂት ቤቶች ታጥሮ ይቀራል፤ መሣሪያውም አይሻሻልም።

ይህ የእኛ ብቻ ነውር አይደለም። በጀርመን አገሮች ገራፊውና ሰቃዩ ብቻ ሳይሆኑ በብዙ ቦታ ወፍጮ ፈጪውና የተልባ እግር ጨርቅ ሸማኔውም «ክብር የሌላቸው» ተብለው ልጆቻቸው ወደ ሌሎች የሙያ ማኅበራት እንዳይገቡ ይከለከሉ ነበር። በ1731 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ ይህን ለማስቀረት ሞከረ። አውሮፓዊ ሥራ ወዳድ፣ እኛ ሥራ ናቂ ሆነን ተፈጠርን የሚለው ትረካ በዚህ ምክንያት አያስኬድም። ልዩነቱ ከንቀቱ በኋላ በሆነው ነገር ላይ ነው።

ዐዋጅ በአፍ ላይ፣ ትምህርት በእጅ ላይ

ዐፄ ቴዎድሮስ የእጅ ሙያ የመንግሥት ኃይል መሆኑን ተረድተው ነበር። በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት ከባዝል አካባቢ የመጡ የሚስዮን የእጅ ባለሙያዎችንና ያገሬውን ሠራተኛ አሰባስበው መድፍ አስቀለጡ። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከዚያ ወጥቶ በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ ተጎተተ። ነገር ግን ጋፋት የንጉሥ እልፍኝ ነበር፤ ዕውቀቱ ወደ መንደሩ ወናፍ አልወረደም፤ ንጉሡም በ1868 ሲሞቱ አብሯቸው ቆመ።

ዐፄ ምኒልክ ሌላ መንገድ ሞከሩ። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ። ብረት የሚሠራው፣ የሚሸምነው፣ የሚጽፈው፣ የሚያርሰው፣ የሚነግደው በየሥራው ስም ወጥቶለት መሰደቡን ነቀፉ፤ ሰው ሁሉ የአዳምና የሔዋን ልጅ መሆኑን አስታወሱ፤ ተሳዳቢውም በእስራት እንዲቀጣ አዘዙ። ልብ በሉ፤ ከተሰዳቢዎቹ መካከል ጸሐፊውም አለበት። መቃውን በቢላዋ ቀርጾ ብዕር የሚያደርግ፣ ብራናውን ፍቆ የሚያለሰልስ ሰው ጠንቋይ ይባል ነበር። ንቀቱ ከብረት አልፎ እጅና ስለት የተገናኙበትን ሥራ ሁሉ ነክቶ ነበር ማለት ነው።

ዐዋጁ ከዘመኑ የቀደመ ነው። ነገር ግን የከለከለው ቃሉን ነው፤ ቃሉን የወለደውን የመሬት ሥርዓት አልነካም። ቀጥቃጩ ከዐዋጁ በፊት ርስት አልነበረውም፤ ከዐዋጁም በኋላ አልነበረውም። በአደባባይ ዝም ያለ አፍ በጓዳ የልጁን ጋብቻ ሲመክር ያንኑ ቃል ይናገራል።

ከዚህ ጋር የሰሜን አውሮፓን ጉዞ እናነጻጽር። በፊንላንድ በኡኖ ሲግኔየስ አሳቢነት ከ1866 ጀምሮ የእጅ ሥራ በሕዝብ ትምህርት ቤቶች የግዴታ ትምህርት ሆነ። በስዊድን ኦቶ ሳሎሞን በ1870ዎቹ በኔስ መንደር የመምህራን ማሠልጠኛ ከፈተ፤ ተማሪው በቢላዋ ብቻ ከሚሠራ ቀላል ዕቃ ጀምሮ ወደ ከባዱ የሚሸጋገርበትን ቅደም ተከተል አወጣ፤ ከአሜሪካ ጭምር መምህራን እየሄዱ ተማሩ። ዓላማው አናጢ ማፍራት አልነበረም፤ የልጁን ዓይን፣ ትዕግሥትና ፍርድ ማረቅ ነበር። ዛሬ በኦክላንድ ጓሮ የሚጠረበው ማንኪያ የዚህ ትምህርት የልጅ ልጅ ነው፤ ሙያውን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ለዓለም ካስተማሩት መካከል ስዊድናዊው ቪሌ ሱንድክቪስት ይገኝበታል።

የሁለቱ መንገድ ልዩነት ለእኔ ትልቅ ነው። የዳኛውም፣ የገበሬውም፣ የቄሱም ልጅ ቢላዋ ይዞ ማንኪያ ከጠረበ፣ ማንኪያ መጥረብ የማን ዘር ሥራ እንደሆነ መናገር አይቻልም። እኛም በ1930ዎቹ ዓ.ም. ተግባረ እድ ትምህርት ቤትን ከፍተናል፤ ብዙ ሙያተኛም አፍርቷል። ነገር ግን ተግባረ እድ የአንዳንዱ ልጅ መንገድ እንጂ የሁሉም ልጅ የጋራ ትምህርት አልነበረም። የቀለሙ ልጅ እጁን ሳያቆሽሽ ማለፉ እንደ ዕድል ይቈጠር ነበር።

እንጀራነቱ ሲቀር

ይህ ማለት ግን በአውሮፓና በአሜሪካ የእጅ ሥራ ሁልጊዜ ተከብሮ ኖረ ማለት አይደለም። የዓለም ሰንጢ ይሠራባት በነበረችው በሸፊልድ ስለት አውጪዎች ከሚሽከረከረው ድንጋይ የሚነሣው አቧራ ሳንባቸውን እየበላው በለጋ ዕድሜ ይሞቱ ነበር። ያን ዘመን ስለት ማውጣትን ለመዝናኛ የሚመርጥ አልነበረም።

የሳን ሆዜ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ዛሬ የሲሊከን ሸለቆ የምንለው ሜዳ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የፍራፍሬ አገር ነበር። ፈረንሳዊው ሉዊ ፔሊዬ በ1850ዎቹ የአገሩን ፕሪም በሳን ሆዜ ተከለ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢው በፍራፍሬ ማድረቅና ማሸግ በዓለም የታወቀ ሆነ። በበጋ ሴቶችና ሕፃናት በዳስ ሥር ቆመው አፕሪኮቱን በትንሽ ቢላዋ ለሁለት እየሰነጠቁ ፍሬውን ያወጡ፣ ለማድረቂያ ይደረድሩ ነበር፤ ክፍያው በሣጥን ቁጥር ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ዛፎቹ እየተነቀሉ መኖሪያና ፋብሪካ ተሠራ። ዛሬ በዚያው መሬት ላይ የሚኖር ሰው የአፕሪኮት ጉማጅ አግኝቶ በትንሽ ቢላዋ ሲቀርጽ የእጁ እንቅስቃሴ ከዚያች የዳስ ሠራተኛ ብዙ አይለይም። የሚለየው እርሷ ብታቆም እራቷ የሚቀር መሆኑ ነው።

በሳንታ ክላራ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ታሪክ ጸሐፊ ስቲቨን ጌልበር በ1999 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አሜሪካውያን የትርፍ ጊዜ ሙያን የወደዱት ሥራን ስለሚመስል ነው ይላል። ግብ አለው፤ ትጋት ይጠይቃል፤ ውጤቱ ይታያል። በ1930ዎቹ ሥራ ሲጠፋ የትርፍ ጊዜ ሙያ በስፋት መሰበኩም የሥራን ክብር ያለ ሥራ ለማቆየት ነበር። በየቀኑ ሌላ ሰው የሚጨርሰውን፣ ምናልባትም የሚሰረዘውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቁራጭ የሚጽፍ ሰው፣ መጀመሪያውንም መጨረሻውንም ራሱ ያየውን ማንኪያ ቢወድ አይገርምም።

የተቋማቱ ስም እንኳ ይህን ሽግግር ያሳያል። ጀርመን ተወላጁ የቤት ዕቃ ሠሪ ፍሬድሪክ ማየር በ1907 በበርክሌይ የመሠረተው፣ በ1922 ወደ ኦክላንድ የተዛወረው ኮሌጅ ለብዙ ዘመን «የካሊፎርኒያ የሥነ ጥበብና የእደ ጥበብ ኮሌጅ» ይባል ነበር። በ2003 «እደ ጥበብ» የሚለው ቃል ከስሙ ወጣ፤ በ2022 ኮሌጁ ራሱ ከኦክላንድ ወጣ። እደ ጥበብ ከትምህርት ቤት ደጃፍ ስሙ ሲወርድ በጓሮና በገበያ ተከብሮ ይኖራል። ክብሩ የመጣው እንጀራነቱ ሲቀር ነው።

የእኛ ድርሻ

ይህ ሁሉ ለእኛ፣ በኦክላንድና በሳን ሆዜ ለምንኖር ኢትዮጵያውያን፣ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በቴሌግራፍ ጎዳና ምግብ ቤቶቻችን ረከቦቱ፣ ጀበናው፣ መሶቡ ተደርድረው እንግዳ ይቀበላሉ። በየቤታችን ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ ማማሰያ አለ። ዕቃው የማንነታችን መታያ ሆኗል፤ የሠሪው ስም ግን የለም። ጀበናውን በኩራት የሚያሳይ ሰው ጀበና ሠሪዋ በመንደሯ ምን ተብላ ትጠራ እንደነበር እንዲነሣ አይፈልግም።

ብዙው ጊዜም አልፏል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ርስት ሲሻር ለባለሙያውም መሬት የማግኘት በር ተከፈተ። ግን በ1984 እና በ1985፣ ከዚያም በ1991 በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ሲወሰዱ፣ የጎንደር ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ዕውቀታቸውን ይዘው ወደ እስራኤል ሄዱ። ለዘመናት «ቡዳ» ያልነው ሰው ሲሄድ ማረሻውን የሚያበጅ እጅ አብሮ ሄደ። የቀረውን ደግሞ ከውጭ የሚገባ ርካሽ ዕቃ ተሻማው። ንቀት በምጣኔ ሀብት ቋንቋ ኪሳራ ነው፤ ሒሳቡ ዘግይቶ ቢመጣም ይመጣል።

አሁን አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ በሳን ሆዜ ጓሮው ሰንጢ ሲስል፣ ማንኪያ ሲቀርጽ ባይ ደስ ይለኛል። እጁ የሚያውቀው ነገር ዓይኑን ይከፍትለታል፤ የወይራና የዋንዛን ልዩነት በመዳፉ ለይቶ ያውቃል። ነገር ግን ሙያውን ከስዊድን የመጣ አዲስ ጨዋታ አድርጎ ከያዘው አንድ ነገር ይጎድላል። በትርፍ ጊዜ የሚሰጥ ክብር ርካሽ ነው፤ ማንንም ምንም አያስከፍልም። የሠራተኛውን ደረጃ የሚለውጠው ዋጋ ያለው ክብር ነው፤ እርሱም ሦስት መልክ አለው። የመጀመሪያው ገበያ ነው፤ የአንኮበርን ቢላዋ ወይም የቀጨኔን ሸክላ ስንገዛ የሠሪውን ስም ጠይቀን፣ ጊዜውን ቈጥረን መክፈል። ሁለተኛው ትምህርት ነው፤ በአገር ቤት ትምህርት ቤት ለመክፈትም ሆነ ለመርዳት ገንዘብ ስናዋጣ ወናፉና መጥረቢያው ለፈተና የወደቀው ልጅ መጠጊያ ሳይሆኑ የሁሉም ልጅ ትምህርት እንዲሆኑ መጠየቅ።

ሦስተኛውና ከባዱ በቤታችን ነው። ሽማግሌ ሲላክ፣ ልጃችንን የጠየቀው ሰው የማን ዘር እንደሆነ ሲጠየቅ፣ «የቀጥቃጭ ልጅ ነው» የሚል መልስ ቢመጣ ፊታችን ምን ይመስላል? ዐፄ ምኒልክ ስድቡን በከለከሉበት ዘመን ዐዋጁ ያልገባበት ቦታ ይህ ነበር። ዛሬም ሊገባበት የሚችል ዐዋጅ የለም፤ የሚገባበት እኛ ራሳችን በዚያች ሰዓት የምንሰጠው መልስ ብቻ ነው።